ለስፖርት ፕሮግራም አዘጋጆች፦ ስለ ዌስትሃሙ ጋንግ ትረካችሁ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጆችና አቅራቢዎች፣

የጣቢያ ስም አልጠራም። ትረካውን ያስተላለፈው ክፍል ራሱን ያውቃል። ደግሞም ነገሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ አይደለም። ስለ እንግሊዝ ነውጠኛ ደጋፊዎች የሚቀርበው ሁሉ ዜማው አንድ ሆኗል። ስለዚህ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው።

ሰሞኑን አንድ ምሽት ኢንተር ሲቲ ፈርም (በአጭሩ አይሲኤፍ) ስለሚባለው የለንደኑ ክለብ የዌስትሃም ዩናይትድ ጋንግ ስትተርኩ ሰማሁ። ከሥሩ ከበሮ ገብቶለታል። ተራኪው ድምፁን ወፈር አድርጎ «የማይደፈሩት» ይላል፣ «ለንደንን ያንቀጠቀጡ» ይላል። አጠገቤ የአሥራ አራት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ሲያልቅ «አጎቴ፣ እነዚህ ሰዎች አሁንም አሉ?» አለኝ። ዓይኑ ያበራል። በማግስቱ የሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ የጋንጉን ሦስት ፊደላት አድምቆ ጽፎ አገኘሁት። ልጁ ላይ አልፈርድም። እኔም በእሱ ዕድሜ ያን ትረካ ብሰማ ደብተሬ አይተርፍም ነበር።

ዌስትሃምን ከልጅነቴ ጀምሮ እደግፋለሁ። (የመዶሻዎቹ ደጋፊ መሆን ከደስታው ትዕግሥቱ ይበልጣል፤ ይሄን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ስለዚህ ስለ ክለቡ የሚወራ ነገር አያልፈኝም። ትረካችሁ ውሸት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። የጎደለው ደግሞ ዝርዝር አይደለም፣ ሰው ነው። ከጋንጉ አባላት በቀር አንድም ሰው ታሪኩ ውስጥ የለም። «ሁለተኛው ክፍል በቅርቡ» ብላችሁ ስለጨረሳችሁ፣ ሳይቀረጽ ልድረስ ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩን ጥሩ አድርጋችሁ ነግራችሁናል። የምሥራቅ ለንደን የወደብና የመርከብ ሥራ ሠፈር፣ በ1895 ከቴምስ አይረንወርክስ የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች የተወለደ ክለብ፣ ከእሱ አሥር ዓመት ቀድሞ የተመሠረተ ሚልዎል የሚባል ጎረቤት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ስታዲየሙ ዙሪያ ማይል ኤንድን የመሳሰሉ የሠፈር ልጆች ስብስብ ነበር። ኢንተር ሲቲ ፈርም ስሙን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙ የመጣው ከባቡር ነው። ያኔ ከሜዳቸው ውጭ ለሚጓዙ ደጋፊዎች ልዩ የኳስ ባቡር ይዘጋጅ ነበር። ያረጀ ፉርጎ፣ በፖሊስ የታጀበ፣ ሲደርስም ፖሊስ ጣቢያው ላይ ተሰልፎ የሚቀበለው። እነዚህኞቹ ይሄን ትተው እንደ ማንኛውም መንገደኛ የኢንተር ሲቲ ባቡር ትኬት ቆረጡ። ማሊያ የለ፣ ስካርፍ የለ። ለብሰው፣ ዘንጠው፣ ጋዜጣ ከሚያነበው ነጋዴ አጠገብ ተቀመጡ። ፖሊስ የሚፈልገው በስካርፍ የተጠቀለለ ጎረምሳ ነበርና በፊቱ እያለፉ አላወቃቸውም። ኋላ ካዥዋል የተባለው አለባበስ፣ ፊላውም፣ ሰርጂዮ ታኪኒውም፣ ላኮስቱም በየክለቡ የተስፋፋው በዚሁ ዘመን ነው። የሚያስቀው፣ እነዚህን ልብሶች ዛሬ የሚገዛው ሰው አብዛኛው የፖሊስን ዓይን ስለማምለጥ አስቦ አያውቅም።

«ፈርም» የሚለው ቃል ራሱ ድርጅት ማለት ነው፣ ነግዶ አዳሪ ድርጅት። ለዚህም ነው ካርድ ያሳተሙት። ተራኪያችሁ ሁለት ጊዜ ያነበበው ካርድ፦ «እንኳን ደስ ያለህ፤ አሁን የተገናኘኸው ከአይሲኤፍ ጋር ነው»። የቢዝነስ ካርድ ይመስላል። ደብድበውት መሬት ላይ የተዘረጋ ሰው አጠገብ ይተዉታል። ተራኪው ሁለተኛ ጊዜ ሲያነበው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ። ቀልዱ ቀልድ ነው። ግን ካርዱን የሚያነበው ማን ነው? ያ የተዘረጋው ሰውዬ ነው። ስም አለው፣ ሰኞ ሥራ ይገባል፣ ወይም አይገባም። ትረካችሁ ካርዱን አነሳና ሰውየውን ረግጦት አለፈ።

በሜይ 1 ቀን 1982 አርሰናልና ዌስትሃም በአርሰናል የያኔው ሜዳ በሃይበሪ ተጫወቱ። የዌስትሃም ልጆች የአርሰናል ደጋፊዎች ወደሚቆሙበት ወደ ሰሜኑ በኩል ገቡ። ጭስ ተለቀቀ፣ ድብድብ ተነሳ፣ ጨዋታውም ተቋረጠ። እናንተ እዚህ ድረስ ተርካችሁ «ሰሜኑን ያዙት» አላችሁ። እንደ ምሽግ! ከጨዋታው በኋላ ግን ከስታዲየሙ አጠገብ ባለው የምድር ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንድ ወጣት የአርሰናል ደጋፊ በስለት ተወግቶ ሞተ። ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አየር ላይ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ለምን ቀረ?

ከሚልዎል ጋር ያለውም እንደዚሁ ነው። «የደም ጠላትነት» ብላችሁ በሚያምር ቃል አለፋችሁት። በ1976 ኒው ክሮስ ባቡር ጣቢያ ላይ በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል በተነሳ ግብግብ አንድ የሚልዎል ደጋፊ ባቡር ሥር ወድቆ ሞቷል። በ1978 ሁለቱ ክለቦች እንደገና ሲገናኙ፣ ለእሱ ደም አንድ የዌስትሃም ደጋፊ መሞት አለበት የሚል ወረቀት ተበተነ። ልብ በሉ፣ የትኛው ደጋፊ አይልም። ማንም ይሁን። ልጁን ይዞ የመጣ አባትም ሊሆን ይችላል።

አሁን በትረካችሁ ጨርሶ ወዳልተነሳው፣ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚገርመኝ ታሪክ ልምጣ።

በ1980 ዌስትሃም በሁለተኛው ዲቪዚዮን እየተጫወተ የእንግሊዝን የኤፍኤ ዋንጫ በላ። ፍጻሜው ከአርሰናል ጋር ነበር፤ ትሬቨር ብሩኪንግ ጎንበስ ብሎ በግንባሩ አገባና 1 ለ 0። በዚህም ለአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ አለፈ። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ካስቲያ ነበር፣ የሪያል ማድሪድ ተጠባባቂ ቡድን። ካስቲያ በዚያው ዓመት የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የደረሰው ከገዛ አባቱ፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር ለመጋጠም ነው። 6 ለ 1 ተሸንፎም ቢሆን ለአውሮፓ በቃ። ለትረካ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ሴፕቴምበር 17 ቀን ሳንቲያጎ ቤርናቤው። ዌስትሃም ቀድሞ አገባ፣ በኋላ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ሜዳው ላይ የሆነው ይሄ ነው። መቀመጫው ላይ ግን ረብሻ ተነሳ፤ የስፔን ፖሊስ በዱላ ገባ፣ ብዙዎችን አስወጣ። በዚያው ምሽት ከስታዲየሙ ውጭ አንድ የዌስትሃም ደጋፊ በአውቶቡስ ተገጭቶ ሞተ። ያን ቀን የበጠበጠው ሁሉ የፈርሙ አባል ነበር አልልም። ስካር ነበር፣ የስፔን ፖሊስም ዱላው ሰው አይለይም ነበር። ነገር ግን ማሊያው አንድ ነው። ዩኤፋም የቀጣው ክለቡን ነው። መጀመሪያ የመልሱን ጨዋታ ከለንደን 300 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ተጫወቱ አለ። በኋላ አሻሽሎ በራሳችሁ ሜዳ፣ ግን ያለ ተመልካች አለ።

ኦክቶበር 1 ቀን 1980፣ የዌስትሃም የያኔው ሜዳ አፕተን ፓርክ። ሠላሳ ሺህ ሰው ሊይዝ በሚችል ስታዲየም ውስጥ የተቆጠረው 262 ሰው ነው። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ጋዜጠኛ፣ ኃላፊ፣ ኳስ አቀባይ ሁሉ ተደምሮ። ዌስትሃም በመደበኛው ሰዓት 3 ለ 1 መርቶ ድምሩን 4 ለ 4 አደረሰው። በጭማሪው ሰዓት ዴቪድ ክሮስ ሁለት አከለ፣ ሃትሪክ ሠራ፣ 5 ለ 1 አለቀ። ክለቡ በአውሮፓ ካደረጋቸው ትልልቅ ምሽቶች አንዱ ነው፤ ያየው ሰው የለም። ጎል ሲገባ የሚሰማው የተጫዋቾቹ ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸቱም ባዶውን ደረጃ ዞሮ ይመለሳል። ወደብ ላይ ሲሠራ ውሎ ለዓመታት ዝናብ እየመታው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲያይ የኖረ ሰውዬ፣ ማድሪድ ሄዶ የማያውቅ፣ ማንንም በጥፊ መትቶ የማያውቅ፣ ያን ምሽት ቤቱ ተቀምጦ ውጤት ይጠብቃል። ይህን ሰውዬ ከእናንተ ትረካ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የጋንጉ ታሪክ የእሱም ታሪክ ነው፤ ምሽቱን የወሰዱበት እሱ ነው።

የቀረውን በፍጥነት ልሂድበት፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ እንደምትነኩት አልጠራጠርም። 1985 ክፉ ዓመት ነበር። ማርች 13 ሉተን ከሚልዎል በተጫወቱበት የኤፍኤ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ወንበር እየተነቀለ ተወረወረ፤ 81 ሰው ተጎዳ፣ 31ዱ ፖሊሶች ናቸው። ያን ቀን የሌሎች የለንደን ክለቦች ነውጠኞችም እዚያ ነበሩ ይባላል። ሉተን ከዚያ በኋላ ለአራት የውድድር ዓመት የእንግዳ ደጋፊ ከሜዳው አገደ። ሜይ 11 በርሚንግሃም ላይ ከሊድስ ጋር በተነሳ ብጥብጥ ግንብ ፈርሶ የ15 ዓመት ልጅ ሞተ። ሜይ 29 ደግሞ ሄይሰል፣ የብራስልሱ ስታዲየም። የሊቨርፑል ደጋፊዎች የጁቬንቱስን ደጋፊዎች ሲያሳድዱ ግንብ ተደርምሶ 39 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን። የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ለአምስት ዓመት ታገዱ፣ ሊቨርፑል ለስድስት።

እገዳው ገና አንድ ዓመት ሲሆነው፣ በኦገስት 1986 የዌስትሃምና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ሆላንድ በአንድ መርከብ ተሳፈሩ። ባሕር መሐል ተቧቀሱ፣ ስለት ተማዘዙ። ካፒቴኑ መርከቧን ወደ እንግሊዙ ወደብ ወደ ሃርዊች መለሳት። እናንተ «የባሕር ላይ ጦርነት» ብላችሁ ለሁለተኛው ክፍል ማስታወቂያ አድርጋችሁታል። እባካችሁ መርከቧ ላይ ሌላም መንገደኛ እንደነበረ ንገሩን። ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ ልጅ የያዘ፣ ኳስ ከእነ ጭራሹ የማይወድ።

እንዴት እንዳለቀስ? የማይደፈሩት በጀግንነት አልወደቁም። ፖሊስ በመካከላቸው ሰላይ አሰረገ፣ ቤታቸውን ሰብሮ ገባ፣ ፍርድ ቤት አቀረባቸው። በ1988 ግን የፈርሙ አባላት ናቸው የተባሉት ክስ ፈረሰ። የፖሊሶቹ ማስታወሻ ደብተር እምነት የሚጣልበት ሆኖ አልተገኘም። በቼልሲ ነውጠኞች ላይ ተፈርዶ የነበረውም በተመሳሳይ ምክንያት በይግባኝ ተሻረ። አንዳንዱ ተራኪ ይህን እንደ ድል ይቆጥረዋል። እኔ እንደ ሁለት እጥፍ ውርደት አየዋለሁ፤ ተበዳዩ ከጋንጉም ፍትሕ አላገኘም፣ ከፖሊሱም። ከዚያ በኋላ ያዳከማቸው ነገር ለትረካ የማይመች ተራ ነገር ነው። ካሜራ መጣ። ከስታዲየም የማገድ ሕግ መጣ፤ በኋላም አገርህ በውጭ ሲጫወት ፓስፖርትህን አስረክብ የሚል። የወንበር ቁጥር መጣ። ጎረምሶቹ አገቡ፣ ወለዱ፣ ወገባቸው ሰፋ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዳንስ ፓርቲው ዘመን ሲመጣም ብዙ ልጅ ቅዳሜውን እዚያ ማሳለፍ መረጠ።

ከመካከላቸው በስም የሚታወቀው ካስ ፔናንት ነው፤ በ1980 አራት ዓመት ተፈርዶበት የታሰረ ጥቁር እንግሊዛዊ። የእሱን ነገር ስታነሱ ግን አንድ ነገር አትለፉ። ያኔ ናሽናል ፍሮንት የሚባለው ዘረኛ ፓርቲ በየስታዲየሙ በር ጋዜጣውን እየሸጠ ልጆች ይመለምል ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ አብረው የቆሙበት ጋንግ መሆኑ እውነት ነው፣ የሚገርምም ነው። ነገር ግን ለመዋደድ አይደለም የቆሙት፤ ሌላውን ለመምታት ነው። ስለ ዌስትሃምና ስለ ጥቁር ሰው በከበሮ የሚታጀብ ታሪክ ከፈለጋችሁ፣ እኔ ልስጣችሁ። ኤፕሪል 1 ቀን 1972 ከቶተንሃም ጋር ሲጫወት ዌስትሃም ሦስት ጥቁር ተጫዋቾችን ይዞ ገባ፦ ክላይድ ቤስት፣ ክላይቭ ቻርልስ፣ አዴ ኮከር። ቤስት በየስታዲየሙ የሚወርድበትን ስድብ ችሎ እስከ 1976 ድረስ በክለቡ ተጫውቷል። ደፋር ካላችሁ እሱን በሉልኝ።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ። ትረካችሁ ውስጥ ሂልስቦሮ፣ ያ የሼፊልዱ ስታዲየም እልቂት፣ የለም። «ከጋንጉ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ላስረዳ።

ነውጠኞቹ ሜዳ እየጣሱ ሲያስቸግሩ ክለቦች ደጋፊውን በብረት አጥር ከለሉት። የቼልሲው ሊቀ መንበር ኬን ቤትስ በ1985 አጥሩ ላይ ኤሌክትሪክ ሁሉ ዘርግቶ ነበር፤ እንዳይለቀው የከለከለው የአካባቢው አስተዳደር ነው። ሰው እንደ ከብት! ፖሊስም ደጋፊን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ማየት ለመደ። በዚህ ዓይን ነው ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ላይ የሊቨርፑል ደጋፊዎች የታዩት። ፖሊስ መውጫ በር ከፈተ፣ ወደ ሞላው ክፍል የሚወስደውን መተላለፊያ ግን አልዘጋም። ሰው ከኋላ ገባ፣ ከፊት አጥር አለ። አጥሩን ሊወጡ የሞከሩትን አንዳንዱ ፖሊስ ሜዳ የሚጥሱ መስሎት መልሶ ገፋቸው። ዛሬ የሟቾቹ ቁጥር 97 ነው።

ከዚያስ? ፖሊስ ጥፋቱን በሰከሩ ደጋፊዎች ላከከ። አንድ ትልቅ ጋዜጣ «እውነቱ» ብሎ ርዕስ ሰጥቶ፣ ደጋፊዎች የሙታንን ኪስ ዳበሱ ብሎ ጻፈ። ሕዝቡም አመነ። ለምን አይመን? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «የማይደፈሩት» የሚባል ተረት ሲነገረው ኖሯል። ደጋፊ ማለት ነውጠኛ ነው ተብሎ ተነግሮታል፤ በካርድ ሳይቀር ታትሞለታል። ቤተሰቦቹ እውነቱን ለማውጣት እስከ 2012 ጠበቁ። ሟቾቹ የሞቱት በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለው እንደሆነና ደጋፊው ጥፋት እንዳልነበረበት የዳኝነት ሸንጎ የወሰነው በ2016 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት። ጥፋቱ የፖሊስ ነው፣ ይሄ ተወስኗል። ውሸቱን ለማመን ቀላል ያደረገው ግን የጋንጎቹ ዝና ነው። እናንተ በከበሮ የምታደምቁት ያው ዝና።

ያለፈ ነገር ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። በኦገስት 2009 ዌስትሃምና ሚልዎል በሊግ ዋንጫ ሲገናኙ አንድ ሰው ተወግቷል፣ ሜዳው ተጥሷል፣ ዌስትሃምም 115,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። በሜይ 2016 አፕተን ፓርክ ለመጨረሻ ጊዜ ሲከፈት፣ ሰው ስታዲየሙን በእንባ ለመሰናበት በወጣበት ምሽት፣ የማንቸስተር ዩናይትድ አውቶቡስ ላይ ጠርሙስ ወረደበት። ጨዋታው ዘግይቶ ጀመረ። 3 ለ 2 አሸንፈን እንኳ በማግስቱ የተወራው ስለ ጠርሙሱ ነው። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስታውሰው እናደዳለሁ።

የምጠይቃችሁ ትረካውን እንድትሰርዙት አይደለም። ልጆች ይህን ታሪክ ከእናንተ ባይሰሙት ከፊልም ይሰሙታል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ሁለተኛውን ክፍል ከመርከቧ አትጀምሩት። ከኦክቶበር 1 ቀን 1980 ጀምሩት። ከሥር ያለውን ከበሮ ለዚያ ምሽት አውጡት። የዳኛው ፊሽካ ብቻ ይሰማ፣ ክሮስ ሦስተኛውን ሲያገባ የጥቂት ሰዎች ጩኸት፣ ከዚያ ዝም ይበል። አስተላላፊው እስከ አሥር ድረስ በልቡ ይቁጠር። አየር ላይ ዝምታ እንደምትፈሩ አውቃለሁ፤ ግን ሞክሩት።

እኔና የእህቴ ልጅ እናዳምጣለን። ደብተሩን በአዲስ ሽፋን ሸፍኖታል፤ ፊደላቱ ግን ከሥር አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

የዘወትር አድማጫችሁ